የጉም መዝገብ

ከደብረ ብርሃን ስንነሣ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፣
ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ ቀድሞን ቆሟል ከበር።
ሚኒባሱ አወረደን፤ የቀረውን ዳገት በእግር ወጣን፣
ሃምሳ ሃምሳ ብር ለትኬት አዋጣን።

የድንጋይ ጎጆ ናት፣ ክብ፣ የቆርቆሮ ቆቧ የዛገ፣
እጀታ አላት ጣሪያዋ፣ ዞሮ እንዲከፈት ለፈለገ።
ጋሽ ሸዋንግዛው ቁልፉን ካንገታቸው ፈቱ፤
«ሰው ሲመጣ ሰማይ ይቀራል» አሉ፣ ሽቅብ እያዩ በከንቱ።

ቴሌስኮፑን ገለጡ፣ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሏል፣
ነሐሱ፣ እጅ የሚይዘው ጋ፣ እንደ ልጅ ጉልበት ተላልጧል።
«ማን ሠራት?» አለች ሶልያና።
«አንድ መሪጌታና አንድ ፈረንጅ፤
ቀን ቀን ይጣሉ ነበር አሉ፤ ሌት ግን አንድ ላይ ከደጅ።»

ኮከብ ልንቆጥር መጥተን፣ ብርዱ አጥንታችንን ቆጠረ፣
ጉሙ ሳይጠሩት በጣሪያው ገብቶ ከመሃላችን ሰፈረ።
«ብራችን ይመለስ» አሉ ሁለቱ፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣
ሽማግሌው መልስ አልሰጡም፤ መዝገብ አመጡ ታቅፈው።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በየሌቱ፣ በእርሳስ፣
የቅርብ ቅርቡ መስመር ስቶ፦

ሐምሌ ሦስት፣ ጉም።
ሐምሌ አራት፣ ጉም።
ሐምሌ አምስት፣ ዝናብ፤ ቀጥሎ ጉም።
ኅዳር ሃያ፣ ልጄን ዳርኩ። ማታ ጉም።
ጥር ዘጠኝ፣ ጥርት ያለ። ጎብኚ የለም፤ ማንም።

«ይህን ሁሉ ለምን ጻፉት፣» አልኳቸው፣ «ያላዩትን?»
«ያላየሁትን ካልጻፍኩማ ማን ያምነኛል ያየሁትን?»

አራት ሰዓት ተኩል ላይ በመንዝ በኩል ነፋስ መጣ፣
ጉሙ ጠርዙ ተተረተረ፤
ወደ ይፋት ወረደ፤
ሰማይ ወጣ።

ሶልያና ዓይኗን አስጠጋች። ዝም። ዝም። ቀጥሎ ጮኸች፦
«ቀለበት! እውነቴን ነው፣ ቀለበት አድርጋለች!»
«አጫትም ማነው?» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። ብር ይመለስ ያሉትም ሳቁ፣
ኮታቸውን ፈትተው ተራ ጠበቁ።

የኔ ተራ ሲደርስ ልለቅላቸው ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።
«ግርዶሽ ነው ብሎኛል ሐኪሙ፣ የሞራ፣ በሁለቱም ዓይኔ፤
ሰማይ ለሰማይ ስጠብቀው፣ ለካስ ሊመጣ ኖሯል በኔ።»

ጣታቸው ግን አልተንቀጠቀጠም፦
«በአንኮበር በኩል፣ ከጋራው በላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ቀላ ያለች፤
አለች?»
«አለች።»

ልንወጣ ስንል እርሳሱን ለሶልያና ሰጧት፣
ባዶውን መስመር በጣታቸው ዳስሰው አገኙላት።
«ጉም፤ ከዚያ ጥርት ያለ» ብላ ጻፈች።
«ሰው እንደመጣም ጻፊ» አሏት።