የወጥ ቤቱ ቧንቧ

ሠላሳ አንድ ዓመት ቧንቧ ስፈታ፣ ስገጥም፣
ከጅሬን ዳገት እስከ ቦዬ ረግረግ ያልገባሁበት ቤት የለም።
የቱ ጎሚቶ የት እንደ ተቀበረ፣ የሄርማታው አሮጌ መስመር
የቱ ሳራቺኔስካ ሥር እንደሚሰወር
ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እናገር ነበር።

አሁን የሚቀሰቅሰኝ ሌላ ነው።
አራቴ፣ አምስቴ፣ ነጠላ ጫማዬን በጨለማ ፍለጋ፣
ግድግዳ ተደግፎ መቆም፣ መጠበቅ፣ ማማጥ፣ እስኪነጋ።
ውጭ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤
እኔ ዘንድ ጠብ… ጠብ… ይላል።
ግፊት የለውም። ግፊት ከሌለ
መስመሩ አንድ ቦታ ታፍኗል፤ ይኼን ለስንቱ ሰው ነግሬያለሁ።

ሸምሱ "እርጅና ነው፣ እኔም እንዲሁ ነኝ" አለኝ።
ዘሐራ ግን ዝም ብላ አየችኝ፣
በማግስቱ ካርድ አውጥታ ሰልፍ ላይ አስቆመችኝ።

ደም ሰጠሁ። የማይወራ ምርመራም ተመረመርኩ፤
ፊቴን አዙሬ የግድግዳውን እድፍ ቆጠርኩ።
ከላይ ያለው ቱቦ ያፈስ ኖሯል፤ ለጥገና ክፍል ልንገር አልኩ።
ናሙና ወሰዱ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ።

ውጤቱን የያዘው ዶክተር ኦብሳ፣ የቆጪው የመምህር ነጌሶ ልጅ፣
ድሮ ቆጣሪ ስተክልላቸው ቁልፍ የሚያቀብለኝ ልጅ።
"ጋሼ ተማም" አለ፣ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ፣
"ካንሰር ነው። ፕሮስቴት ላይ። ከሽፋኑ ግን የወጣ አይመስለኝም።"
ያቺን "አይመስለኝም" ከሌላው ለይታ ያዘች ልቤ።

ወረቀት ላይ ሣለልኝ፦ ይኸ ፊኛ፣ ይኸ ቱቦ፣
ይኸ ደግሞ እጢው፣ ቱቦውን እንደ ጓርኒሲዮን ከቦ።
ቀዶ ማውጣት አለ። ጨረር አለ፣ ሳምንታት ሙሉ፣
ወንድነትን ከሚያስተኛ መርፌ ጋር። "አይቸኩሉ።
ደም እያዩ መጠበቅም አለ፤ የእርስዎ ግን የሚተኛ ዓይነት አይደለም።"
"አባትህ ቢሆኑስ?" አልኩት።
እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ።
"የቱን እንደሚፈሩ እጠይቃቸው ነበር።"

የምፈራውንማ አውቀዋለሁ።
ከቀዶው በኋላ ያፈሳል፤ ወራት፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ።
ቧንቧ ሠሪው ተማም፣ ውዱእ አድርጎ መስጊድ ሳይደርስ
ሱሪው ሲረጥብ!
ሌላም አለ፣ አልጋ ላይ የሚቀረው፤ እሱን ለዶክተሩም አልጠየቅኩ።
ሸምሱ ጥቁር አዝሙድ በማር ይዞ መጣ፤
"ብረት ከነካው ይሠራጫል" አለ። ማሩን በላሁ፤ ምክሩን አወቱ ድልድይ ላይ
ቆሜ ሳላምጠው አመሸሁ።

ማታ ለዘሐራ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነገርኳት፦
"የበሰበሰ መስመር ለጥፌ አላውቅም፤ ቆርጬ ነው የማወጣው።
ግን ያፈሳል አሉ።"
ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም፤ በቢላዋ ጫፍ አሳየችኝ
የራሳችንን ቧንቧ፣ ከሥሩ የዱቄት ወተት ጣሳ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት "ነገ" እያልኩ፣ የከተማውን ስጠግን የራሴን ስረሳ።
ጠብ… ጠብ…
"ከዚህ ጋር ኖሬ የለ?" አለች።
"ድምፁ ያቆመ ሌሊት፣ ውኃ የጠፋ ሌሊት፣ ያኔ ነው የምነቃው።"
ስለ ሌላው፣ ስላልጠራሁት፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤
ብቻ መብራት ከጠፋ በኋላ እግሯን በእግሬ ላይ ጣለች፤ አላነሳችም።

ሐሙስ ፈረምኩ። "ቀዶውን" አልኩት፣ "እጅህ ግን አይንቀጠቀጥም?"
ሳቀ። "አለቃዬ ናቸው የሚሠሩት፤
እኔ ቁልፍ አቀብላለሁ።"

በዋዜማው ከረጢቴን አውርጄ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን መርጬ
ሳራቺኔስካውን ልዘጋ አጎነበስኩ።
ዘሐራ በሩ ላይ ቆመች፦ "ተወው።
ስትመለስ የሚጠብቅህ ሥራ ይኑር።"

ጓርኒሲዮኗን ኪሴ ከተትኳት።
ዛሬ ልብሴን፣ ሰዓቴን፣ ጫማዬን ተቀብለው
አረንጓዴ ጨርቅ ሲያለብሱኝ
እሷን ብቻ አልሰጠሁም።