ካርታው ላይ ያልተሰመረው

ዝናብ ነው ፖርቶ ሞንት፤ ትናንትም ዝናብ ነበር።
ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ መብራቱ በኩሬ ሲሰበር
ካፒቴን ኢርማ ኦያርሶ መነጽሯን አውልቃ
በሹራቧ እጅጌ ትወለውላለች፣ ጊዜ እንዳላት አውቃ።
የጫንነው የሳልሞን እንቁላል ነው፤ አርባ ሳጥን፣ በበረዶ ታሽጎ፤
እያንዳንዱ ፍሬ ዓሣ ለመሆን ቀጠሮ ይዞ፣ ሙቀት ብቻ ፈልጎ።

እኔ ወር ያልሞላኝ ረዳት ነኝ፤ ጉልበቴ ላይ ካርታ፣
የመነሻው መንገድ በቀጭን መስመር፣ ቁጥሩ በየቦታ።
ቀጥ ብለህ ውጣ፣ ሁለት ሺህ ጫማ፣ እያለ ይሄድና
ድንገት መስመሩ ያልቃል፣
ቀለም እንደከዳው ብዕር፣ ነጩ ላይ ደርቆ ይቀራል።

ከነጩ ማዶ፣ አንድ ጣት ያህል ርቆ፣
ሌላ መስመር ይጀምራል፣ ከማንም ሳይያያዝ፣ በራሱ ታጥቆ፤
መነሻው ነጥብ ነው፣ «ኡልቬት» የሚሉት፤
በማንም ቋንቋ ፍቺ የለው፣ ደጃፍ የለው፣ ጎረቤት።
በሁለቱ መሐል፣ በጉንዳን እግር ፊደል፣
«ራዳር ይመራሃል።»
በየት በኩል? አይልም።

«ኢርማ፣ እዚህ ጋ ምንድን ነው ያለው?»
አልኩ፣ ጣቴን ባዶው ላይ አሳርፌ።
«እዚያ ጋ ያለው ሰው ነው» አለች፣
ሞተሩን እየገፋች።

ተነሣን። የከተማው መብራት ለአፍታ ብልጭ አለ፣
ከዚያ ግራጫው ዋጠን።
ካልቡኮ በስተቀኝ የሆነ ቦታ ቆሟል፣ እሳቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ፤
አናየውም፤ እሱም አያየን።
ሰውነቴ «ወደ ጎን ወድቀሃል» ብሎ ማለልኝ፤
መርፌው «ቀጥ ብለሃል» አለኝ።
ገላ ይምላል፤ መርፌ ግን አይምልም፣ ያሳያል እንጂ።

ከዚያ ድምፅዋ መጣ፣ ጉንፋን እንደ ያዛት የሻከረ፦
«ወደ ግራ ዙሩ፣ ሁለት መቶ አርባ፤ አምስት ሺህ ጫማ ያዙ።»
ደገምኩላት። ዞርን።
በጨለማ ክፍል ተቀምጣ፣ እኛን አንዲት ነጥብ አድርጋ እያየች፣
ካርታ ሠሪው የተወውን በቃሏ እየሞላች።

ከዚያ ጸጥ።
አንድ ደቂቃ። ጠራኋት፤ መልስ የለም።
ሁለት። ገጹን ገለበጥኩ፤
ድምፅ ቢጠፋ የሚደረገው ከታች ሰፍሯል፤
ሦስት ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ በራስህ ወደ ነጥቡ።
ኢርማ በአውራ ጣቷ መሪውን መታ መታ ታደርጋለች፣
የእንቁላሎቹን ትርታ የምትቆጥር ይመስል።
ሦስተኛው ሊሞላ ሲል
«ይቅርታ» አለች። ሳለች። «ቀጥታ ወደ ኡልቬት፤
ከዚያ የመሸጋገሪያውን መስመር ያዙ። ደህና እደሩ።»
ለሌላ ሞገድ ሰጠችን፤ ሌላ ሰው ተረከበን።
ከደመናው በላይ ጨረቃ ነበረች፤ ስለ እሷ የምለው የለኝም።

ቅዳሜ፣ አንጀልሞ ገበያ፣ ዛጎል ልገዛ ተሰልፌ፣
ከኋላዬ ያ የሻከረ ድምፅ፦
«ወደ ግራ፣ አባቴ፣ ወደ ግራ፤ ኩሬ አለ።»
ሽማግሌ አባቷን ክንዳቸውን ይዛ ነበር፤
ዓይናቸው ወተት የመሰለ።

ለእኔ አልነበረም።
እግሬ ግን ዞሯል፣ በዓሣው ሣጥኖች መካከል፤
«ወደ ግራ» ብዬም በለሆሳስ ደገምኩ፣
እንደ ደንቡ።
ቀና ብላ አየችኝ፣
የማን ድምፅ እንደሆነ ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው።
ከዚያ ተራዋ ደረሰ፤ ሁለት ኪሎ አዘዘች።