አባሪ፦ አንድ ገጽ

ለወረዳው ቅሬታ ሰሚ፤ አራብሳ።

ቅጹ ላይ የተተወልን ቦታ ሦስት መስመር ነው፤
የእኛን ነገር ደግሞ ሦስት መስመር አይችለው።
ስለዚህ ይህን ገጽ አባሪ አድርጌአለሁ፤
ማኅተም የለበትም፣ በእጄ ጽፌዋለሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው፤ ቀን በያጅ፣ ማታ ጸሐፊ።
ሼዳችን ቁጥር አራት፣ ከታክሲው ማዞሪያ አለፍ፣
ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ስንዴው ከሚጀምርበት ጫፍ።
አምስት ነበርን ስንጀምር፤ ዛሬ ሦስት ቀርተናል፤
አንዱ ባጃጅ ገዛ፣ አንዱን ብድሩ አባሮታል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ስድስት መቶ ዴስክ፣ ለአዲሱ ትምህርት ቤት፤
ማስታወቂያ ሳይለጠፍ፣ ፖስታ ሳይከፈት፣
ፕሮፎርማ ሳይሰበሰብ፣ ዋጋ ሳይጠየቅ፣
የአምናው ጨረታ ሰሌዳው ላይ ፀሐይ መትቶት ሲደርቅ፣
"በገበያ ትስስር" ተባለና በአንድ ገጽ ደብዳቤ
ለሼድ ሰባት ተሰጠ፤ እንደ ኤሌክትሮድ ነደደ ልቤ።

የሼድ ሰባት ሰብሳቢ እንዳሻው ይባላል፤
ስሙን ያወጡት አባቱ ይህን ቀን አይተውታል።
እንዳሻው ክፉ አይደለም። ይህም ይመዝገብልኝ፤
የዕድሩን ድንኳን ተካይ ነው፤ እናቴ ስትሞት አልተለየኝ።
ግን ግዥ ክፍል ውስጥ የአጎት ልጅ አለው ይላሉ፤
እኔ አላየሁም፤ ያዩትም አላየንም ይላሉ።

አጥናፉ፣ የእኛው ሰብሳቢ፣ መነጽሩን ወርውሮ፣
"ጻፊ!" አለኝ፤ "ሕግ የለም ወይ? የኛስ ኑሮ አይደል ኑሮ?"
ጻፍኩ። "ፍትሐዊ"ን ሦስት፣ "ግልጽነት"ን አራት ጊዜ፤
ቃሉ ሲያምር ደስ አለኝ፣ ቀለል አለልኝ ትካዜ።

ከዚያ ተራ ቁጥር ዘጠኝ። አንብቤ ዝም አልኩ፤
እስክሪብቶው ቀለም እያለው ሳልጽፍበት ዋልኩ።
"አመልካቹ ማኅበር ከዚህ በፊት፣ ያለ ውድድር፣
ከመንግሥት ሥራ ወስዶ ያውቃል? ከወሰደ ይዘርዝር።"

ወስደናል።
ስምንት ዓመት ሆነው፤ የጤና ጣቢያው አጥር፤
"ወጣቶች ናቸው፣ ይልመዱ" ተብሎልን ነበር።
ጨረታ ቢወጣ ኖሮ ማን ያየን ነበር ያኔ?
ሂሳብ የማያውቅ አጥናፉ፣ ብየዳ የማላውቅ እኔ።
አጥሩ የመጀመሪያው ክረምት ሳይወጣ ዘመመ፤
ሌሊት ሄደን አቃናነው፣ ማንም ሳያይ ተፈጸመ።
በዚያ አጥር ነው እጄ የተፈታው።
ያኔ የከሰሱን አቶ በዳዳ፣ ሃያ ዓመት ብረት የሠሩ፣
"ምቀኛ" ብለናቸው አለፍን፤ ዛሬ ዘበኛ ናቸው ከበሩ።
ጠዋት "ደህና አደርሽ ልጄ" ይሉኛል በሩን ከፍተው፤
አንድ ቀን እንኳ አላነሱትም፤ እኔም አልጠየቅኩ ፈርቼው።

ትናንት ማታ፣ መብራት ሲመጣ፣ እንዳሻው ራሱ መጣ፤
"ውሉን ይዤዋለሁ" አለ፣ "ማጠፊያ ማሽን ከየት ላምጣ?
አርባ ቀን ነው የሰጡኝ፤ ቅጣቱ በቀን ይቆጠራል፤
የኛ ቧንቧ በእጅ ሲታጠፍ ወገቡ ላይ ይሰነጠቃል።"
አጥናፉ እኔን አየኝ፤ እኔ ማሽኑን አየሁ፤
ቅሬታው ቦርሳዬ ውስጥ እያለ ማብሪያውን ነካሁ።
ስለ ዋጋ አልተነጋገርንም።
እስከ ሌሊቱ ስምንት ሠላሳ ሁለት እግር አጠፍን፤
ከሳሹ ማን፣ ተከሳሹ ማን፣ ሲነጋ ግራ ገባን።

ይህ ማለት ግን አቤቱታዬን አነሣሁ ማለት አይደለም፤
በደብዳቤ የሚታደል ሥራ ልክ ነው ማለትም አይደለም።
ጀማሪን ማን ያነሣዋል ሁሉ ከተወዳደረ?
ሁሉ በደብዳቤ ከሆነስ ማን በእጁ ሠርቶ አደረ?
ለሁለቱም መልስ የለኝም።

ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ "አዎ" ብዬ ሞልቻለሁ፤
ከጎኑ በትንሹ "አጥሩ ዛሬም ቆሟል" ብያለሁ።
ምላሽ ካላችሁ፣ እኔ ባልኖር፣ ለአቶ በዳዳ ስጡልኝ፤
በሩ ላይ ናቸው ሁልጊዜ። ፖስታውን ከፍተው ያንብቡልኝ።