መልስ

ሐረጎ ቁልቁለት፣ ጉም የተኛበት፣
ሚኒባሱ ሲዞር በእጥፋቱ አንገት፣
ረዳቱ መቶ ብሬን በጣቱ ሸብልሎ
አለፈኝ ዝም ብሎ።

ዋጋው አርባ ብር ነው፤ ስልሳ ይመለሳል።
ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ሳይወጣ ይከሳል።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ሦስት ፈረቃ የቆመ እግር፣
ከሺህ ድር አንዷ ስትበጠስ በጆሮዬ የምለይ፣
በጨርቃ ጨርቁ አዳራሽ ከማሽን ጋር ተጯጩሄ የምነጋገር፤
ለገዛ ብሬ ግን ምላሴ ድንጋይ።

ይህን ያወረሰኝ አባቴ ነው፤ ሙሄ፣ የመናኸሪያው ተሸካሚ፣
የሰው ጤፍ በጀርባው፣ የሰው ምርቃት ሰሚ።
ማታ ሲገባ ብሩን፣ በላቡ እንደራሰ፣
ከአጎዛው ሥር ይከተዋል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ እየመለሰ።
«አይቆጠርም፣ ጦይባ። የተቆጠረ ብር በረካው ይበራል።»
አምኜው ኖርኩ። ደሞዜ ግን ሳይቆጠርም ይበራል።

ከባንክ መልእክት ሲመጣ ስልኬን እንደ መርዶ እገለብጣለሁ፤
የእቁብ ሰብሳቢዋ በፊት ለፊት ስትገባ እኔ በጓሮ እወጣለሁ፤
ያክስቴ ልጅ አምስት መቶ ሲለኝ፣ የሌለኝን ተበድሬ እሰጣለሁ፤
ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ብቻዬን እቆጣለሁ።

አምና በሰኔ ሞተ። ለቅሶው ሲበተን፣ ሸዋ በር፣
እንድሪስ ሱቅ ገባሁ። የዱቤው መዝገብ ነበር
ያስፈራኝ ከቀብሩ ይልቅ።
«ክፈተው» አልኩት፣ አፌ እስኪደርቅ።

ዘይት የነካው ገጽ፣ የእንድሪስ የተንጋደደ ጽሕፈት፦
«ሙሄ፦ ስኳር ሁለት ኪሎ፣ ለዘምዘም አራስ ቤት።
ሙሄ፦ ደብተር ስድስት፣ ለሸጋው ልጆች። ሙሄ፦ ለእመት ተዋቡ ዘይት።
ሙሄ፦ ለራሱ ምላጭ፣ አንድ።»
ቁጭ አልኩ ከስኳሩ ጆንያ ላይ፣ እንደ ተቆረጠ ግንድ።

ሺህ ስምንት መቶ አርባ። ቁጥር ነው፤ ክንፍ የለውም፤
ቀርበው ሲያዩት ጥርስም የለውም።
አባቴ ቢቆጥር ኖሮ አንድ ቀን እምቢ ሊል ነው፤ እምቢን ደግሞ አያውቅም።
ደግነቱን ወረስኩ። ፍርሃቱን ግን አልጠብቅም።

በሰባት ደሞዝ ከፈልኩት። እንድሪስ በየወሩ አንድ መስመር ሲሰርዝ
ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ስሙ ሲጠራ ደስ ይለኛል፣ እንደ ምርኩዝ
የምደገፈው።

የመጀመሪያዋ ማታ፣ በሬን ዘግቼ፣ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ፣
ብሩን ከጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ መብራቱን አስጠግቼ፣ አድርጌ።
ሁለቴ ቆጠርኩ። ሁለቴም ያው ነው።
ያነሰም የለ፣ የበረረም የለ። ያው ነው።
ይሄ የቤት ኪራይ፣ ይሄ የእቁብ፣ ይሄ ለሶደቃ፣
ይሄ ለክፉ ቀን፣ ክፉ ቀን ደጅ ሳይንኳኳ፤
ይሄ ደግሞ ለጃንጥላ። ለእኔ። ቀይ።
የደሴ ዝናብ ምስክሬ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ረጥቤያለሁ፣ አይበቃኝም ወይ?

ያክስቴ ልጅ ደወለ። አምስት መቶ ሲል፣ «ያለኝ መቶ ነው» አልኩት።
ጸጥ አለ። «አብሽሪ» አለ። ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁት፤
እንዳለ ነው።

ይቺ ብቻ ነበረች የቀረችኝ፤ ይቺ የታክሲ ውስጥ ቃል።
እዳውን ጨርሶ የከፈለ ሰው እንዴት በስልሳ ብር ይጨነቃል?

ጃንጥላዬን ጉልበቴ ላይ አጋደምኩ፤ ጉሙ ከሥር ተገፈፈ፣ ቦርከናም ታየ እንደ ቅድሜ፣
«መልሴን» አልኩ። ትንሽ ቃል ናት። «መልሴን፣ ወንድሜ።»

ዞረ። ልጅ ነው፤ ብሩን በጣቶቹ መሀል እንደ ካርታ የሚደረድር፤
እንኳን ሊቆጣኝ፣ ጭራሽ ረስቶኝ ነበር።
ሃምሳውን ሰጠኝ። «አሥሯን ዝርዝር የለኝም» አለ፣ ፈገግ እያለ።
«አብሽር» አልኩት፤ «ኮምቦልቻ እስክንደርስ ገና መንገድ አለ።»