ያቺ ጣውላ

ካልጋሪ፣ የጥቅምት ጠዋት፤ ጣራው ላይ ውርጭ አለ፤
ኤልሚሮ ከላይ ይለካል፣ ቁጥር እየጣለ፤
እኔ ከታች፣ ከመጋዙ፣
ከአፉ ተቀብዬ እቆርጣለሁ፣ እንደ ትእዛዙ።

«ዘጠና ሁለት ተኩል!» አለኝ።
ቆረጥኳት።
ቀና ስል ከጣራው ጠርዝ
ሜትሩ ብቻ ተንጠልጥሏል፤
ባለሜትሩ ከታች ወድቋል።

ቀበቶው? መኪና ውስጥ፣ አዲስ፣ ከነላስቲኩ።
«ለአንዲት ጣውላ ማን ይታሰራል?» ብሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው መጣ፣
ያቺኑ ጣውላ ይዞ ወጣ፤
መታት።
አልጎደለች፣ አልተረፈች።

ዛሬ ወገቡ በብሎን ተይዟል፤
ግራ እግሩ ትእዛዝ አይሰማም።
ስደውል ስለ ካሳው አያነሳም፣
ፎርማኑንም አያማም፤
ቤቱ መሸጡንም አልነገርኩት።

«ያቺ ጣውላ» ይለኛል፣
ሁልጊዜ፣ ስልኩን ልዘጋ ስል፣
«ገጠመች እንዴ?»