ሜዳ ላይ ደህና ናት

«ሜዳ ላይ ደህና ናት፣» አለች አንጓች ወርዳ፣
«ከየትኖራ ደጀን፣ ሽንኩርት ጭና ስትነዳ፣
አታስቸግረኝም። ዓባይ ወርጄ ነው ጉዷ የሚወጣው፤
ስመለስ፣ ኩራርን አለፍ እንዳልኩ፣
ጉልበቷን ማን እንደሚቀማት እንጃ፣ ድንገት የምታጣው።
ቢጫ መብራት ይበራል።
ብረግጥ፣ ብረግጥ፣ የሚሰማኝ የለም።
ከኋላዬ አይሱዙው ጥሩምባውን ይነፋል፣
እኔ ድንጋይ ፍለጋ እወርዳለሁ።»

ሂሉክሷ ነጭ ነበረች፤ አሁን የመንገዱ ቀለም ናት።
ከመሪው ሥር አጎንብሼ ስካነሩን ሰካሁላት።
ፒ ዜሮ አንድ ዘጠኝ ሁለት፦
የናፍጣ ግፊት ሴንሰር፣ ምልክቱ ዝቅተኛ።
ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፤
ስም ያለው በሽታ ግማሹ ዳነ ብዬ
ሶማሌ ተራ ደወልኩ።
በማታው አውቶቡስ መጣ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣
ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ብር።
አሮጌውን ፈታሁ፤ አዲሱን አሰርኩ፤ አጠፋሁ መብራቱን፤
እሷም ሳትከራከር ቆጥራ ሰጠችኝ የሽንኩርቱን።

በሳምንቱ መጣች።
«ሜዳ ላይ ደህና ናት፣» አለች።
ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ፊልትሮውን አወረድኩ፤ ጠብታ ውሃ የለበትም።
ፓምፑን አዳመጥኩ፤ አያቃስትም።
የጣልኩትን ሴንሰር ከቆርቆሮው ውስጥ አውጥቼ ለካሁት፦
ጤነኛ።
ምንም ሳያጠፋ የተባረረ ዘበኛ።
ያየውን ነበር የሚናገረው፤
ወሬው የተበላሸው መንገድ ላይ ነው፣
ከሱ አፍ ወጥቶ ኮምፒውተሩ ጆሮ እስኪደርስ።
ረዳቴ ይታያል፣ ዲማ ሁለት ዓመት ቅኔ የቆጠረው፣
እጁን በናፍጣ እየታጠበ፣
«ሰሙን ቀየርከው፣» አለኝ፣ «ወርቁን ማን ይፍታው?»

ስለዚህ ወረድን፣ ሦስታችንም፣ ከሰዓት፣ በዚያ ሙቀት።
ቴስተሩን ከሽቦው አገናኝቼ፣ ገመዱን በኮፈኑ ጫፍ አሹልኬ፣
በመስኮት አስገብቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት።
አንጓች ነዳች። ይታያል ከኋላ፣ ጆንያው ላይ።
ድልድዩ አጠገብ ዞርን።
አንድ ነጥብ ሁለት ቮልት።
በሁለተኛ ማርሽ አንድ ነጥብ ስምንት፤ ሁለት ነጥብ አራት።
«ርገጪ፣» አልኳት።
ዝንጀሮዎቹ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ያዩናል፣
ዋጋ እንደሚገምት ደላላ።
ሁለት ነጥብ ዘጠኝ፣
ኩርባው ላይ ሞተሩ በጎኑ ዘንበል ሲል፣
ዜሮ።
ቢጫ መብራት። ዝምታ። ድንጋይ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። «አስነሺ፤ ርገጪ፣ ልቀቂ። ርገጪ፣ ልቀቂ።»
ሞተሩ እንደሚስቅ ሰው ትከሻ ሲነቀነቅ
የሽቦው እቅፍ ብረቱን ይነካል፣ ይመለሳል፤
ልብሱ አልቆ መዳቡ ያብለጨልጫል።
የጥፍር ያህል ቁስል።
ይዞት የነበረው ቅንጥብ ከቦታው የለም፤
በሱ ፋንታ፣ ላልቶ የተንጠለጠለ፣ ሰማያዊ ቴፕ።

ደጀን ውስጥ መካኒክ ሁሉ ጥቁር ነው የሚጠቀመው።
ሰማያዊው የኔ ነው፤ አንድ ካርቶን በርካሽ አግኝቼ።
አምና ኢንጀክተሯን ስቀይር መሽቶ ነበር፤
ቅንጥቡ እጄ ላይ ተሰበረ፤
«ለጊዜው፣» ብዬ ነበር።
ይታያል ቴፑን አየ፣
ከዚያ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ቁስሉን ሸፈንኩ፤ ሽቦውን ከብረቱ አርቄ አሰርኩ፤
«ሽቦ ሲያረጅ...» ብዬ ጀመርኩ።
ጀምሬም ዝም አልኩ።
ዳገት ላይ የሚዋሽ ፍለጋ ነበር የወረድነው።
«አምና እኔው ነኝ፣» አልኳት፣ «የኔ እጅ ነው።»

አንጓች ድንጋዩን ከጎማው ሥር በእግሯ ገፋችው።
«ቀለሙን ሳየው አውቄያለሁ፤
የቀደደብኝን ጀሪካን በሱ አይደል የጠገንክልኝ?
እሱም ያፈሳል።
ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶውን አልረሳሁትም። ግባ፣ መሸ።»

ወጣን። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። ሦስት። ሦስት ነጥብ አንድ።
አንብብልኝ ያለኝ የለም፤
ግን ደጀን እስክንገባ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣
አንዱንም ሳልዘል።