ሦስተኛው እግር

ከአንድ ግንድ ዋንዛ፣ ሳይቀጥል፣ ሳይመታ ሚስማር፣
በርጩማ ያወጣ ነበር አባቴ፣ ሄርማታ ዳር።
"አባ ሜጫ፣ ግፊትህ መቶ ዘጠና" ሲሉት ጤና ጣቢያ፣
"ምኔን አመመኝ?" አለና ሄደ ወደ ገበያ።
ኪኒኑ መሳቢያ ገባ፣ ከብርጭቆ ወረቀት ጋራ፤
ሁለት ክረምት ተኛ እዚያው፣ ለብሶ የዋንዛ ሰጋቱራ።

ዳሩ ለምለም ሣር ለብሶ፣
አዌቱ ከሥር ይበላዋል፣ ቀን በቀን አፈሩን ምሶ።
ደምም እንዲያ።

መጀመሪያ የመሮው ስም፤ "ያቺ... ያቺ ስለታሟ"፤
ቀጥሎ የአጂፕ መንገድ፤ ቀጥሎ የእናቴ ሕመሟ፣
ሞቷም። በየማታው "ራዚያ የታለች?" ይለኛል፤
በየማታው፣ እንደ አዲስ፣ መርዶ መንገር ይተርፈኛል።

ሐኪሙ በራጁ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አሳየኝ፤
"ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው፤ ግፊቱ ደፈናቸው" አለኝ።

ዛሬም ይጠርባል።
ትናንት ሁለት እግር አውጥቶ አቆመ፤
ሦስተኛው ግንዱ ውስጥ ቀረ፤ እጁ ፈልጎት ደከመ።

እኔም ክንዴን ለነርሷ ሰጠሁ፤ ጨርቁ ተነፋ፣ ጠበበ፤
መቶ ሃምሳ ሁለት የሚል፣ መስታወቱ ላይ ተነበበ።
"ምኔን አመመኝ?" ልል ስል፣ የአባቴን ድምፅ ሰማሁት፤
ከኪኒኑ ጋር አብሬ፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥሁት።